ከመሣሪያው በፊት ሠራተኛው

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ላይ ለማዋል ሲነሣ፣ ከመሣሪያው ይልቅ በመሣሪያው ስለሚሠሩት ሰዎች አስቀድሞ ማሰብ አለበት እላለሁ። እናንተም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሰማሩ ናችሁና የለንደንን የአምቡላንስ አገልግሎት ታሪክ ተመልከቱ።

ድርጅቱ የእርዳታ ጥሪዎችን በወረቀት እየመዘገበ አምቡላንስ ይልክ ነበር። በኦክቶበር 26 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ግን የቆየውን አሠራር በአንድ ጊዜ ጥሎ፣ የመላዪቱን ከተማ ሥራ ለኮምፒዩተር አስረከበ። ሠራተኞቹ የሠለጠኑት ቀደም ብሎ ስለ ነበር ብዙው ተዘንግቷል፤ ፕሮግራሙም ያልታረሙ ስሕተቶች ነበሩበት። ኮምፒዩተሩ መኪናዎቹ የት እንዳሉ በትክክል ማወቅ ተሳነው። ለአንዱ በሽተኛ ሁለት መኪና ሲላክ ሌላው ለረጅም ሰዓት ይጠብቅ ጀመር። በኖቬምበር 4 ቀን ደግሞ ጨርሶ ቆመ፤ ምክንያቱም ከሦስት ሳምንት በፊት በፕሮግራሙ ውስጥ የቀረች አንዲት ትንሽ ስሕተት ነበረች።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው የሚሉ አሉ። ታዲያ በሚገባ ሳይፈተን ያስገባው ማን ነው? ያው ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ሌላ ፕሮግራም ሲያስገባ ሠራተኞቹን አማክሮ፣ ደረጃ በደረጃ ተራምዶ ስለ ነበር ሥራው ሠመረ። ከመጀመሪያው ውድቀት እስከዚያ ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ ዐልፏል። ጊዜው በዛ የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን አልበዛም ባይ ነኝ።