ከቀለም በፊት ንድፍ፦ የውጭ እንጨት ደረጃዎችን ከእርጥበት ስለ መጠበቅ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠሩ የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች ከሚታወቁባቸው ገጽታዎች መካከል የእንጨት ሰገነቶችና የውጭ ደረጃዎች ይገኙበታል። ከእነዚህም ለእርጥበት ይበልጥ የተጋለጠው ደረጃው ነው፤ ዝናብ ይወርድበታል፣ ጠፈጠፍ ይረጨዋል፣ እግሩም አፈር ይነካል። ሲበሰብስ አንድም በኮንክሪት ይተካል፣ አንድም ቀለም ተቀብቶ ይታለፋል። የመጀመሪያው የቤቱን ቅርስነት ይሸረሽራል፤ ሁለተኛው ተመላላሹን ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለቱም ጉዳቱን የእንጨቱ ባሕርይ ያደርጉታል፤ ምንጩ ግን በአብዛኛው የንድፍ ጉድለት ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው በእርጥበት የሚያድግ ፈንገስ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከ ሆነ ድረስ ፈንገሱ አይስፋፋም፤ ወደ 30 በመቶ ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ ግን ይመቸዋል። በክረምት ወራት የውጭ ደረጃ መራሱ አይቀርም፤ ዕድሜውን የሚወስነው ከራሰ በኋላ የሚደርቅበት ፍጥነት ነው።

ቀለም ብቻውን ይህን ፍጥነት አይጨምርም። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቅቡ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም ከሥሩ ታምቆ ይቀራል። የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ውሃ ይመጥጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳይቀባ የሚገጠመውም ይኸው ጫፍ ነው።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ተሸካሚው እንጨት ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይረፍ፤ በመካከላቸውም ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይግባ። መርገጫው ወደ ፊት 2 በመቶ ያህል ያዘንብል፤ በጣውላዎቹ መካከል ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። የተቆረጡ ጫፎች ከመገጠማቸው በፊት መከላከያ ይቀቡ፤ ከደረጃው ሥርም አየር ይዘዋወር።

የእንጨት ዓይነት ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። የሐበሻ ጥድ የውስጠኛው ክፍል መበስበስንና ምስጥን እንደሚቋቋም የታወቀ ነው። ሆኖም የተፈጥሮ የጥድ ደን በተመናመነበት በዚህ ዘመን ለእያንዳንዱ ጥገና ጥድ መጠየቅ አንዱን ቅርስ ለማዳን ሌላውን መጨረስ ይሆናል። በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም ውሃ በማያቁር ንድፍ ከተሠራ የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል።

ስለዚህ የቅርስ ጥገና ዝርዝር መግለጫዎች ከቀለሙ ዓይነት በፊት የውሃውን መውረጃ ሊደነግጉ ይገባል። የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም ከሰኔ እስከ መስከረም የመርገጫዎችን እርጥበት በመለካት ለዚህ ድንጋጌ የአገር ውስጥ መረጃ ሊያቀርቡ ይችላሉ።