የጣራውና የደኑ ጥያቄ አንድ ነው

በስደት በምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዘንድ አንድ የተሳሳተ አመለካከት ሥር እየሰደደ ሄዷል። አመለካከቱ እንዲህ ይላል፦ «የአየርና የደን፣ የወንዝና የአፈር ጥያቄ የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው፤ አገሩ በጦርነትና በረሀብ የምትታመስበት ስደተኛ ለእንዲህ ያለው ቅንጦት ጊዜ የለውም።» ከዚህ ጎን ደግሞ መንታ ወንድሙ የሆነ ሁለተኛ ስሕተት ይጓዛል፦ «ለአገር ቤት ችግኝ ገንዘብ ከላክን ግዴታችንን ተወጥተናል፤ የምንኖርበት ሠፈር የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው።» እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የማንቀበልበትንም ምክንያት ከሩቅ ሳንሄድ ከቅርቡ ማስረጃ ጀምረን እናቀርባለን።

ፋልከንሪጅ በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ሠፈር ነው። ከነዋሪው ብዙው ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከሌላውም ዓለም መጥቶ በጉልበቱ የሚያድር ነው፤ ታክሲ የሚነዳ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን፣ ሌሊት ሕንፃ የሚያጸዳ፣ በሽተኛ የሚያስታምም። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2020 በዚህ ሠፈርና በአጎራባቾቹ በታራዴል፣ በማርቲንዴልና በሳድል ሪጅ ላይ የቴኒስ ኳስ የሚያህል በረዶ ወረደ። ጣራ በሳ፣ የቤት ግድግዳ ሸነቆረ፣ የመኪና መስታወት አደቀቀ። ኢንሹራንስ የገባለት ጉዳት ብቻ ከ1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሆነ። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ብዙውን ሠራተኛ ከሥራ ያፈናቀለበት ጊዜ ነበር። የአልበርታ መንግሥት ግን የአደጋ ድጎማዬ ለጎርፍ እንጂ ለበረዶ አይሆንም፤ በረዶ ኢንሹራንስ የሚገባለት አደጋ ነው አለ። ሕጉ ለባለጠጋውም ለድኻውም እኩል የተጻፈ ይመስላል። ሆኖም ኢንሹራንሱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ እንዲያወጣ የሚጠየቀው ድርሻ ለአንዱ የኪስ ገንዘብ ሲሆን ለሌላው የወራት ደመወዝ ነው።

ይህ አንድ ጊዜ መጥቶ ያለፈ መዓት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2024 በረዶ ካልጋሪን እንደገና መታት፤ ኢንሹራንስ የገባለት ጉዳትም ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በእርግጥ የአንድን ቀን ማዕበል በአንድ ምክንያት ብቻ ማሰር ከሳይንስ ጋር አይሄድም። ነገር ግን የሞቀ አየር የበለጠ እርጥበት እንደሚሸከም፣ ይህም እርጥበት ማዕበልን እንደሚመግብ የታወቀ ነው። አልበርታ የነዳጅ ዘይት አገር ናት። የነዳጁ ትርፍ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የአየሩ ዕዳ ወደ ታች፣ በሠራተኛው ጣራ ላይ ይወርዳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በአልበርታ ሰማይ ላይ አውሮፕላን እያስነሡ ደመናው ላይ ሲልቨር አዮዳይድ ያስረጫሉ፤ ዓላማቸው በረዶው ገዝፎ ከተማ ላይ እንዳይወርድ ነው። በሥራው አንከራከርም፤ ትምህርቱን ግን እንውሰድ። እርስ በርሳቸው በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች የጋራ ጥቅማቸው ሲነካ እስከ ደመና ድረስ ይደራጃሉ። ከደመናው በታች ያለው ነዋሪስ?

እርሱም ዝም አላለም። የሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ተሰብስበውና ሰልፍ ወጥተው መንግሥትን ሞገቱ። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። ቢሆንም የከተማው ምክር ቤት በረዶ የሚቋቋም ጣራ ለሚያሠሩ እስከ 3,000 ዶላር የሚመልስ መርሐ ግብር በ2021 ጀመረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ምክር ቤቱ የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። አዋጅ መልካም ነው፤ አዋጅ ግን ጣራ አይከድንም። ጣራ የሚከድነው በየደጁ እየዞረ ጉዳት የሚመዘግብ፣ የውሉን ደቃቅ ፊደል ለጎረቤቱ የሚያነብ፣ በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው።

«የፋልከንሪጅ ጣራ ከኢትዮጵያ ችግር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓድ ይኖራል። መልካም፤ ወደ አገራችን እንሂድ። የተማሪው ንቅናቄ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ያነሣው ጥያቄ ስለ አፈርና ስለ አፈሩ ባለቤት አልነበረምን? በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ሲታዩ የተጋለጠው የዝናብ መጥፋት ብቻ ነበርን? ድርቅን ረሀብ ያደረገው ሥርዓቱ መሆኑን ያወቀ ትውልድ ያፈራው ንቅናቄ፣ ዛሬ የአካባቢን ጥያቄ ቅንጦት ቢለው የራሱን ታሪክ ይክዳል።

ከዚያም ወዲህ ያለው ታሪክ ያስተምራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደርግ በወሎና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ገበሬውን በምግብ ለሥራ አሰልፎ ብዙ እርከን አሠራ፣ ብዙ ተራራ ከለለ፣ ብዙ ችግኝ አስተከለ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ደኑን የቆረጠው ያው የተከለው ገበሬ ነበር። ገበሬው የዛፍ ጠላት ሆኖ ነውን? አይደለም። ሳይመክርበት የተተከለ፣ ጥቅሙ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ደን የአዛዡ ደን ነውና ከአዛዡ ጋር ወደቀ።

በአንጻሩ የመንዝን ጓሳ እንመልከት። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ለክዳንና ለገመድ እየከፈተ በራሱ ሕግ ጠበቀው። ያ ሕግ መብቱን ለቀደምት አባቶች ተወላጆች ብቻ የሚሰጥ ስለ ነበረ እንዲመለስ አንመኝም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ግን የጋራ ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳው ተጎዳ። ያዳነው ሌላ ትእዛዝ አይደለም፤ የአካባቢው ሕዝብ እንደገና ተሰብስቦ ኮሚቴ መርጦ፣ ደንብ አጽድቆ ማስከበሩ ነው። በደቡብ ጎንደርም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ካጠኗቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች አንዳንዶቹ በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ካቡ የተሠራው ከገበሬው ማሳ በተለቀመ ድንጋይ ነው፤ ማረሻው ከእንቅፋት ተገላገለ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። ምእመኑ መከረ፣ ተጠቀመ፣ ስለዚህም ይጠብቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ብዙዎች «ስንት ተተከለ?» ብለው ተከራከሩ። ከመንዝ የተማረ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የሚጠብቀው ማን ነው? በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ደንብ? ይህ ጥያቄ የፋልከንሪጅም ጥያቄ ነው።

መልሱም በእጃችን አለ። በካልጋሪ የሚኖረው ወገናችን እድር አለው፣ ማኅበር አለው፣ እቁብ አለው። መዋጮ የሚሰበስብ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚመርጥ ድርጅት ማለት ይኸው ነው። አንዳንድ ምሁሮቻችን እድርን የኋላ ቀርነት ቅሪት አድርገው ይንቁታል፤ እነርሱ ባለ ሃያ ነጥብ የአቋም መግለጫ ሲያረቁ ግን የሠፈሩ እናቶች ለሐዘንተኛ ቤት ምግብና ገንዘብ አሰባስበው ያድራሉ። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶን ንቅናቄ ስትጀምር የተነሣችው ከእንዲህ ያሉት የመንደር ሴቶች ነበር፤ በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ መናፈሻ ላይ ሊገነባ የታሰበውን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የተቃወመው ይኸው ንቅናቄ ነው፤ ሕንፃውም ሳይሠራ ቀረ። ለሞተው ሰው በአንድ ሌሊት የሚደራጅ ሕዝብ በቁም ላለው ለመደራጀት ምን ያንሰዋል?

«እንግዶች ነን» የሚለውን ሰበብም አንቀበልም። በረዶው የዜግነት ወረቀት አልጠየቀም። ግብር እንከፍላለን፣ ልጆች ይህን አየር ይተነፍሳሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ተግባር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየእድሩና በየማኅበሩ ስብሰባ የቤት ኢንሹራንስ ውልና የጣራ ድጎማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይብራራ፤ ውል ማንበብ የምንችል ተማሪዎች ለዚህ እንመደብ። ሁለተኛ፣ በፋልከንሪጅና ካስልሪጅ የነዋሪዎች ማኅበር አባል እንሁን፤ ስለ ግንባታና ስለ መሬት አጠቃቀም ከተማው የእነዚህን ማኅበራት አስተያየት ይጠይቃልና የወገናችን ድምፅ ከዚያ አይጉደል። ሦስተኛ፣ ወደ አገር ቤት ለችግኝ የሚላክ ገንዘብ ሁሉ ከመላኩ በፊት ጠባቂዎቹ ተሰብስበው የመከሩበት መሆኑ ይረጋገጥ።

እነዚህ ታላላቅ ቃላት አይደሉም። በመጪው ስብሰባ በአጀንዳ ተይዘው፣ ኃላፊ ተመርጦላቸው፣ በቀጣዩ ወር ሪፖርት ሊቀርብባቸው የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። የበረዶው ወራት ሲመለስ ሠፈራችን ተሰብስቦ ይጠብቀው።