ከአውሮፕላኑ በፊት ራዲዮው

ትንንሽ አውሮፕላን ሠርተን እናብርር ብለን የተሰባሰብን ተማሪዎች ከየኪሳችን ያዋጣነው ገንዘብ ሳይነካ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ያልነካነውም ቆጣቢዎች ስለ ሆንን ሳይሆን መስማማት ስላቃተን ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ በተለይም የኢንጂነሪንግ ልጆች፣ «ካሜራ ያለውን፣ ራሱ ተነሥቶ ራሱ የሚያርፈውን ድሮን እንግዛና እንገላገል» ይላሉ። እኛ፣ አብዛኞቻችን ከአርት ፋኩልቲ የሆንን ጥቂቶች፣ አስቀድሞ መገዛት ያለበት አውሮፕላኑ ሳይሆን በእጅ የሚያዘው ማስተላለፊያ ራዲዮ ነው እንላለን። ይህን በመናገራችን «እናንተ ግጥማችሁን ጻፉ» ተብለናል። ግጥሙንም እንጽፋለን፤ ለጊዜው ግን ስለ ራዲዮው እንጻፍ።

በመጀመሪያ አምና የደረሰብንን እንናዘዝ። በጊፋታ ሰሞን፣ ዝናቡ ቀለል ብሎ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር፣ ከአንድ ሱቅ በካርቶን የታሸገ የመጫወቻ አውሮፕላን ገዛን። አውሮፕላኑም፣ ማስተላለፊያውም፣ ባትሪውም አንድ ላይ ስለ መጣ ርካሽ መሰለን። ሁለት ቀን በረረ። በሦስተኛው ቀን ከባሕር ዛፉ ረድፍ ጀርባ ዞረና ከእጃችን ወጣ፤ እጀታውን ወደ ግራ ብንገፋው፣ ወደ ቀኝ ብንገፋው አልሰማ አለ፤ ሞተሩ ግን እንደ ተከፈተ ቀረ። እኛ በሩጫ፣ እሱ በክንፍ፣ በመጨረሻ ከአንድ ሽማግሌ ጓሮ፣ እንሰት ውስጥ፣ አፍንጫው ተሰብሮ አገኘነው። ሽማግሌው አልተቆጡንም። ስባሪውን አገላብጠው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ከላይ ሆኖ የሚያየው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። «ምንም አያይም አባባ፤ ዐይን የለውም» ብንላቸው ያመኑን አይመስለንም። ወደዚህ ጥያቄ እንመለሳለን።

አውሮፕላኑ ተሰበረ፤ ይሁን፤ አውሮፕላን ይሰበራል። ያንገበገበን ማስተላለፊያው ነው። አንዳች ጭረት ሳይነካው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ የሚነጋገረው ከዚያው ከተሰበረው አውሮፕላን ጋር ብቻ ነበርና። ለአንድ ቀን ደስታ ሁለቱንም ከፍለን ሁለቱንም ጣልን።

የደንበኛው ራዲዮ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው በእጅ የሚያዘው ማስተላለፊያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ተቀባይ ነው። ሁለቱ አንድ ጊዜ እንዲተዋወቁ ይደረግና ከዚያ በኋላ ተቀባዩ የሌላ ራዲዮ ትእዛዝ አይሰማም። አውሮፕላኑ ሲሰበር ተቀባዩን ነቅሎ ሌላ ላይ መትከል ነው። ተቀባዩ ራሱ ቢሰበር እንኳ ብቻውን ይገዛል፤ ዋጋውም ከማስተላለፊያው በእጅጉ ያነሰ ነው። እንግዲህ ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ነጭ ፎም አሥር አውሮፕላን ሠርተን አሥሩንም ብንሰብር ራዲዮው ያው አንድ ነው። ገንዘባችን ጥቂት ስለ ሆነ በማይሰበረው ላይ ይዋል ማለታችን ይኸው ነው።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ተሻግሮ ሄዷል። በውጭ አገር ከ50 እስከ 60 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ድሮ በአንድ ሴሚስተር ጥቂት ሻይ ቤት በመተው የሚገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የአሥራ ሁለት ሰው መዋጮ ይጠይቃል። ስለዚህም ሁለት ጊዜ መሳሳት አንችልም።

በዚህ ዋጋ ከሚገኙት ውስጥ ሁለቱን አነጻጽረናል። አንደኛው ፍላይስካይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤፍኤስ-አይ6 ነው። ስድስት ቻናል አለው፤ ማለትም ስድስት የተለያዩ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ይልካል። ለማብረር አራቱ ይበቃሉ፤ ሞተሩን ማፍጠንና ማብረድ፣ አፍንጫውን ማንሣትና ማውረድ፣ ክንፉን ማዘንበል፣ ጅራቱን ማዞር። የቀሩት ሁለቱ ለነገ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከነተቀባዩ ይሸጣል። ሁለተኛው ራዲዮማስተር ፖኬት ነው፤ ትንሽ ነው፣ በቦርሳ ይገባል፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራምም ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ሥራ ነው። በዚህኛው ልባችን ተነክቷል፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን ተቀባዩ ለብቻው ይገዛል፤ የሚፈልገው ባትሪም ከአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ የሚወጣው ዐይነት ሴል እንጂ የሱቅ ድንጋይ አይደለም፤ ዝርዝር ማውጫው ደግሞ ለጀማሪ እንደ ቅኔ ነው፣ ፈቺ ይሻል።

አይ6 ግን በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋይ ከሶዶ አልፎ በአረካም በቦዲቲም በየሱቁ አለ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አሥራ ሁለት ሰው የሚፈራረቅበት ዕቃ ደግሞ ቀላል መሆን አለበት፤ አንዱ የነካካውን ሌላው ማስተካከል እንዲችል። ስለዚህ ድምፃችን ለአይ6 ነው። ፖኬቱ ለከርሞ ይቆየን።

የትኛውም ቢገዛ ግን አንድ ነገር ሳይታይ ገንዘብ እንዳይከፈል አጥብቀን እንለምናለን። ይኸውም ባለሙያዎች ፌይልሴፍ የሚሉት ነው፤ አውሮፕላኑ ከማስተላለፊያው ጋር ሲቆራረጥ ምን እንዲያደርግ አስቀድሞ የሚሰጠው ትእዛዝ። አምና የገዛነው መጫወቻ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ነጐደ፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ደግሞ «ሞተሩን ክፈት» የሚል ነበር። በደንበኛው ራዲዮ ግን «ድምፄን ካጣህ ሞተሩን ዝጋ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ታዲያ ማዘዙ ብቻ አይበቃም፤ መፈተን አለበት። ፕሮፔለሩን ነቅሎ፣ አውሮፕላኑን አንድ ሰው አጥብቆ ይዞ፣ ሞተሩን በመጠኑ ከፍቶ ማስተላለፊያውን ማጥፋት ነው። ሞተሩ ከቆመ ደኅና፤ ካልቆመ የዚያን ቀን በረራ የለም። ፕሮፔለሩን መንቀል «ለዚህማ ምን ያስፈልጋል» ተብሎ የሚዘለል ነገር አይደለም፤ ጣት አይበቅልም።

በዚሁ ላይ ከዘመድ ስለሚመጣው አሮጌ ራዲዮ አንድ ቃል። ከመካከላችን አንዱ አጎቱ ከአሜሪካ በ72 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ያገለገለ ራዲዮ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል። ለአጎት ምስጋና ይገባል፤ ራዲዮው ግን ይቅርብን። በዚያ ዘመን አሠራር ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ላይ ከከፈተ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን ይጥላል፤ በየሜዳው ሞገድ የሚያዝበት ሰሌዳ ተሰቅሎ ተራ ይጠበቅ የነበረውም ስለዚህ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ግን ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለሉ ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ሊያበር ይችላል።

ይህ ሞገድ የራሱ ጠባይ እንዳለው ግን ከእንሰቱ ጓሮ ተምረናል። ውሃ የያዘ ቅጠል ይውጠዋል። ባሕር ዛፍና እንሰት በበዛበት አገራችን አውሮፕላኑ ከዛፍ ጀርባ ሲገባ ከዐይን ብቻ ሳይሆን ከራዲዮም ይሰወራል። አንቴናውም ቢሆን እንደ ጠመንጃ አይነጣጠርም፤ ጫፉን ወደ አውሮፕላኑ ማቅናት ሞገዱ በጣም በሚደክምበት በኩል መናገር ነው፤ ጎኑን መስጠት ይገባል። ሲከፈት መጀመሪያ ማስተላለፊያው፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ፤ ሲዘጋ መጀመሪያ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ ማስተላለፊያው። ይህን ቅደም ተከተል በማስተላለፊያው ጀርባ በፕላስተር ጽፈን እንለጥፈዋለን።

ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሌላ አገር ቀስ ብሎ የሚያርፈው አውሮፕላን እዚህ ፈጠን ብሎ ካልሆነ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ክንፉ ሰፊ፣ ክብደቱ ቀላል ይሁን። ሰዓቱም ማለዳ ይሁን፤ ከረፋዱ በኋላ በዳሞታ በኩል ነፋሱ ሲነሣ ፎም ከወረቀት አይሻልም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ቤት የሐዘን ወሬ ይዞ ገብቷል። ከላይ የሚያንዣብብ ነገር ያየ ገበሬ ቢደነግጥ አላዋቂነት ነው የሚል ካለ እሱ አላወቀም። እኛ ካሜራ ያለው ዕቃ መግዛቱን የምንቃወመውም በአንድ በኩል ለዚህ ነው። ለሽማግሌው «ዐይን የለውም» ያልነው እውነት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያን ቃል መድገም አንችልም።

ሕጉም አለ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የራዲዮ መሣሪያዎችን መመርመርና ማጽደቅ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። «የኛ ፎም ነው፣ ማን ያየናል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኛ አንስማማም። ተደብቆ የሚበር አውሮፕላን የለም፤ ሁሉ ያየዋል። በማኅበሩ ስም፣ በማኅተም፣ ሜዳውንና ሰዓቱን ጠቅሰን ማመልከቻ እንጻፍ፤ ራዲዮውም የሚገዛው በምን መንገድ መግባት እንዳለበት ከተጠየቀ በኋላ ይሁን። ደብዳቤ መጻፍ የአርት ፋኩልቲ ሥራ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ማንም አይሥቅብን።

ደግሞም አውሮፕላን በወላይታ ሰማይ ላይ ለክፉ ብቻ አልበረረም። የቆላ ዝንብ ገንዲ በተባለው በሽታ ከብቱን ሲፈጅበት የኖረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ገበሬ ይህን ያውቃል። ዝንቡን ለማጥፋት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ጋር በተደረገው ሥራ፣ በቃሊቲ የተራቡ ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር እንዲመክኑ እየተደረጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደሜ ሸለቆ ላይ ከአውሮፕላን ተለቀዋል። ይህንኑ ሥራ ሰው በማይሳፈርበት አውሮፕላን ለመሥራትም ታስቦ ነበር። ለሽማግሌው ይህን ብንነግራቸው ኖሮ ጨዋታው ይረዝም ነበር።

«ማመልከቻው እስኪመለስ ራዲዮው ምን ይሠራል?» ለሚሉን መልስ አለን፤ የክርክራችንም ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። ማስተላለፊያው በተገቢው ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ በሲሙሌተር ያስተምራል። አውሮፕላኑ በመስኮቱ ላይ ይበራል፣ ይወድቃል፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ እንደገና ይነሣል። ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ፊቱን ሲያዞር ነው፤ እንደ መስተዋት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህ በምክር አይገባም፤ እጅ ራሱ እስኪለምደው መውደቅ ያስፈልጋል። መውደቁ ደግሞ በመስኮት ላይ ቢሆን ይሻላል። የሞተሩ እጀታ በግራ በሚሆንበት አያያዝ፣ ሞድ 2 በሚሉት፣ ሁላችንም እንማር፤ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ከለመደ ራዲዮው መቀያየሪያ መሆኑ ይቀራል። ራሱ ተነሥቶ ራሱ የሚያርፈው ድሮን ግን ፈቃዱ እስኪመጣ በካርቶኑ ይተኛል፤ ከመጣም በኋላ አብራሪው እሱ እንጂ እኛ አንሆንም። በአገራችን የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን «ፀሐይ» በጣሊያን ተወስዳ ስትኖር በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ግቢው ሁሉ ኮርቶ ነበር። ያኮራን በ1928 ዓ.ም. እዚሁ መሠራቷ ነበር፤ ተገዝታ ብትሆን ማን ያስታውሳት ነበር?

ስለ ተራም ይነገር። አምና ሁለት ቀን ሲበረር እጀታውን የያዙት ሦስት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ያዋጡት እኅቶቻችን ግን አራት ነበሩ፤ ሥራቸውም ማጨብጨብ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ተራው በዕጣ ይሁን፣ ለእያንዳንዱም አሥር ደቂቃ ይሰጥ፣ ደቂቃውንም ተራውን የጨረሰው ይያዝ።

ድምፅ የሚሰጠው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ኮምፒዩተር ያለው ኮምፒዩተሩን፣ ነጭ ፎም ያለው ፎሙን ይዞ ይምጣ። ሽማግሌውንም ጠርተናቸዋል፤ «ከብቶቹን አሰማርቼ እመጣለሁ» ብለውናል።