አጥር ለማጠር ደጅ ጥናት ይብቃ!



አጥሩ የወደቀበት፣ በሱቁ ደጃፍ ታፔላ መስቀል የፈለገ፣ ይዞታው ጠብቦት ከጎረቤት ወሰን በደንቡ ልክ መራቅ ያልቻለ ዜጋ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ማመልከቻ ያስገባል፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ይባላል። ዘመድ ያለው ግን የጎረቤቱን ብርሃን ጋርዶ ይገነባል።

እኛ ደንብ አይኑር አንልም። በቤቶች መካከል የሚተወው ክፍተት ለብርሃንና ለአየር ነው፤ እሳት ቢነሳም ወደ ጎረቤት ቶሎ እንዳይዛመት ይረዳል። የመንገድ ማዕዘን ላይ የቆመ ረጅም አጥር የሾፌርን እይታ ይከልላል። የምንቃወመው ደንቡ ለአንዱ ሲጠብቅ ለሌላው ሲላላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ሰጥቶታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ስለ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ደንግጎ ነበር። በወረቀት የቀረ መብት ግን አጥር አያቆምም።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. ልዩ ፈቃድ ለጠየቀ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱ የተገለጸበት የጽሑፍ መልስ ይሰጠዋል፤
2. ከውሳኔ በፊት ጎረቤት ይደመጣል፤
3. የተፈቀደውም የተከለከለውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤
4. ይግባኝ የሚሰማው ውሳኔውን የሰጠው ኃላፊ አይሆንም።

ማዘጋጃ ቤት የነዋሪው አገልጋይ እንጂ ጌታ እንዳይሆን ድምፃችሁን ስጡን!