መቀመጫዎ ተስተካክሏል

ከአማርኛ ፊደላት ሁሉ ጥፋተኛ የሚወዳት አንዲት ፊደል አለች፤ «ተ» ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «እባካችሁ ባለቤቱን አትደብቁ» እያልኩ ስለምን ኖሬያለሁ። ብርጭቆው ተሰበረ፣ ውሃው ተቋረጠ፣ ፋይሉ ተሰወረ፣ ገንዘቡ ተመዘበረ። ሰባሪ የለም፤ አቋራጭ የለም፤ መዝባሪ የለም። እንዲያው ነገሩ በራሱ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ቋንቋችን እኮ አድራጊውን ግሱ ላይ ሳያስቀምጥ የማያልፍ ቋንቋ ነው፤ «ሰበረ» ካልን እሱ አለ፣ «ሰበረች» ካልን እሷ አለች። «ተ» ስትገባ ግን አድራጊው በጓሮ በር ውልቅ ይላል።

ይህች ፊደል አሁን አሁን አውሮፕላን መሳፈር ጀምራለች። አየር መንገዶች የሚልኩት መልእክት በእንግሊዝኛም ይምጣ በአማርኛ፣ መንፈሱ አንድ ነው፤ «ውድ ደንበኛችን፣ የጉዞ መረጃዎ ተስተካክሏል።» እኔ በማውቀው አማርኛ ተስተካከለ የሚባለው የጠመመ ሲቀና፣ የጎደለ ሲሞላ ነው። በእነሱ አማርኛ ግን «የዛሬ ስድስት ወር ገንዘብህን ተቀብለን የሸጥንልህን የቢዝነስ ክላስ ወንበር ወስደን፣ ከኋላ ከሁለት ሰው መሀል አስቀምጠንሃል» ማለት ሊሆን ይችላል።

«ኧረ ጋሼ! ሕዝቡ ታክሲ አጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ አንተ ስለ ቢዝነስ ክላስ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለው መልእክት የደረሳት ለታላቅ እህቴ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል። ወገቧን የዲስክ ቀዶ ጥገና አድርጋለች፤ ሐኪሟም ረጅም ሰዓት እንዳትቀመጥ፣ ጋደም እያለች እንድትጓዝ አዟታል። ቨርጂንያ ያሉት ሦስት ልጆቿ፣ አንዱ ኡበር እየነዳ፣ አንዷ ሌሊት አረጋውያን እየጠበቀች፣ አንዱ መኪና ማቆሚያ እየሠራ፣ ሰባት ወር አዋጥተው በአንድ የአውሮፓ አየር መንገድ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር ገዙላት። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ጠባዩ የእሱ ብቻ አይደለምና። ለመሄድ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አትላንቲክን የሚያሻግራት በረራ «ተስተካከለ»። ሰዓቱ ያው ነው፤ የበረራ ቁጥሩም ያው ነው። ወንበሩ ብቻ 38ኛው ረድፍ መሀል ገብቷል። ይቅርታው ይቅር፤ የከፈለችበት ወንበር እንደተወሰደ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለበትም።

ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ እኛ አይደለንም፤ ሲስተሙ ነው የቀየረው» አለችኝ ልጅቷ፣ ጨዋ በሆነ ድምፅ። «አውሮፕላኑ ተቀይሯል፤ አዲሱ የቢዝነስ ወንበሩ አነስ ያለ ነው። ካልተስማማዎት ገንዘቡ ይመለሳል።»

ገንዘቡ ተመልሶ ምን ይሠራል? ከስድስት ወር በፊት የተገዛው ወንበር በዚያ ሳምንት ዋጋው ወደ እጥፍ ደርሷል። ከሁለት ቀን በኋላ በሚነሳው በራሳቸው በረራ ላይ ባዶ የቢዝነስ ወንበር እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁና «በዚያኛው አድርጉልን» አልኳት። «ወንበርስ አለ ጋሼ፤ ግን በእርስዎ ፊደል የለም» አለችኝ።

በእርስዎ ፊደል! ይህን ላላጋጠመው አንባቢ ላስረዳ። በአንድ የቢዝነስ ክፍል ውስጥ ወንበሩ አንድ ዓይነት፣ ምግቡም አንድ ዓይነት ነው። ትኬቱ ላይ ያለችው ፊደል ግን ትለያያለች። በብዙ አየር መንገዶች ሙሉ ዋጋ የከፈለው «ጄ» ነው፤ ከዚያ «ሲ»፣ «ዲ»፣ «ዚ» እየተባለ ቅናሽ ወዳገኘው ይወርዳል። አየር መንገዱ ርካሹን ፊደል ዘግቶ ውዱን ክፍት ሊተወው ይችላል። ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ ያለ ነው፤ ክፋት የለበትም። እህቴ ግን ልትገዛ አልመጣችም! ገዝታ የወሰዱባትን ነው የምትጠይቀው። ለውጡን ያመጣው አየር መንገዱ ራሱ በሆነ ጊዜ፣ ሠራተኛው በዚያው ክፍል ካለው ክፍት ፊደል በአንዱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስገባት ይችላል። ይህን ለመስማት ሦስት ጊዜ መደወል ግድ ሆነ። በሦስተኛው ያነሳው ልጅ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ችግር የለም ጋሼ፣ ቀየርኩልዎት» አለኝ። ቀየርኩልዎት! እንዲህ ያለ ግስ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ንዴቴ የባሰው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ስልክ አይቻልም የተባለው በሦስተኛው ከተቻለ፣ በመጀመሪያውም ይቻል ነበር። የእህቴ ወገብ የተንጠለጠለው በሕግ ላይ ሳይሆን በደዋዩ ትዕግሥትና ስልኩን ባነሳው ሰው ደግነት ላይ ነበር ማለት ነው።

አየር መንገድ አውሮፕላን ለምን ይቀይራል? አንዳንዴ ሞተር ይበላሻል፤ ለዚያ ማንም አይከፋም፣ ነፍስ ትቀድማለች። አንዳንዴ ግን ትልቁ አውሮፕላን የተሻለ ትርፍ ወዳለበት መስመር ይላካል። ስማቸው አንድ የሆነ አውሮፕላኖች እንኳ ሆዳቸው ይለያያል፤ የአንዱ ቦይንግ 787 የቢዝነስ ወንበር ብዛት ከሌላው ቦይንግ 787 ጋር ላይገጥም ይችላል። አንዳንዴም «የሚቀር ሰው አይጠፋም» ተብሎ ካለው ወንበር በላይ ይሸጣል። ታዲያ ወንበር ሲያንስ ማን ይውረድ? ወርቃማ የአባልነት ካርድ ያለውና «ጄ»ን የያዘው ሲቀር፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ተቆጥቦለት የሚጓዘው ይወርዳል። ወንበሩ ይበልጥ የተደከመበት ሰው ነው ወንበሩን የሚያጣው።

ወርደው ከተጓዙ ደግሞ «ልዩነቱ ይመለስልዎታል» ይላሉ። ሒሳቡን ልብ በሉ። እርስዎ የከፈሉት ከወራት በፊት የተቆረጠ የቢዝነስ ቅናሽ ዋጋ ነው። እነሱ የሚቀንሱት ግን የዕለቱን ሙሉ የኢኮኖሚ ዋጋ፣ «ዋይ» የምትባለዋን ፊደል ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚተርፈው ለአውሮፕላን ማረፊያ ቡና ቢበቃ ነው።

ሕግ የለም እንዴ? አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ቁጥር 261 በ10ኛው አንቀጹ ከገዛው ክፍል ዝቅ ተደርጎ ለተጓዘ መንገደኛ በሰባት ቀን ውስጥ ገንዘብ እንዲመለስለት ያዛል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለው በረራ ከዋጋው 30 በመቶ፣ ለመካከለኛው 50 በመቶ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው አህጉር አቋራጭ ጉዞ 75 በመቶ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2016 እንደወሰነው የሚታሰበው መንገደኛው ዝቅ በተደረገበት በረራ ዋጋ ላይ ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በበኩሉ በ2024 ባወጣው ደንብ፣ ክፍሉ ዝቅ የተደረገበት መንገደኛ «አልሄድም» ካለ ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ ከሄደ ደግሞ የዋጋው ልዩነት እንዲከፈለው ደንግጓል።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ገንዘብ ነው! «ወንበሩን ከወሰድክ እኩያውን በሌላ ቀን፣ በሌላ አውሮፕላን ስጥ» ብሎ የሚያስገድድ ቃል በውስጣቸው የለም። ወገቡን ታሞ ለሚጓዝ ሰው ሰባ አምስት በመቶ ገንዘብ አልጋ አይሆንለትም። ለአየር መንገዱ ዕዳው ብር ነው፤ ለእህቴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ጋደም ብሎ መጓዝ ነበር። ብር መመለስ የሚቀለው ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«በጉዞ ውላችን ላይ ወንበር የመቀየር መብት አለን» የሚሉ አሉ። አዎ፣ መነጽር አድርገው እንኳ በማያነቡት ደቃቃ ጽሑፍ አስፍረውታል። ግን የመስኮቱ ወንበር ሌላ፣ የክፍሉ ደረጃ ሌላ! ከመስኮት ወደ መተላለፊያ ብታዛውሩኝ አልከስም። በሬ ሸጣችሁልኝ ስረከብ ወይፈን ብታወጡልኝ ግን ይህ ማዛወር አይባልም። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በ1731ኛው ቁጥር በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ለአንዱ ተዋዋይ ብቻ ሕግ ነው አይልም።

ከሁሉ ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን አየር መንገዱ አይደለም። እህቴ ስልክ ስደውል ከጎኔ ቁጭ ብላ «ተው አንተ ልጅ፣ የሰው ልጆች አታስቸግር፤ እኔ እንደምንም ብዬ እደርሳለሁ። ዝም አይነቅዝም» ትለኝ ነበር። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ያደግንበት ነው። ይሉኝታ እርስ በርስ ለሚተዋወቅ መንደር ያማረ ልብስ ነው። ሲስተም ግን አይተዋወቀንም፤ ይሉኝታም የለውም። ዝም ያልነውን እንደተስማማ ይመዘግበናል። አባቶቻችን ሌላም ተረት ነበራቸው እኮ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ደጃዝማችነት ከቀረ የ38ኛው ረድፍ መሀል ወንበር ምን ይገርማል?

መናገር ምን እንደሚያመጣ አንድ ምስክር ልጥራ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1972 አሜሪካዊው የሸማቾች ተሟጋች ራልፍ ኔደር ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ሊበር ትኬቱን ይዞ ቢመጣ፣ አሌጌኒ አየር መንገድ ከወንበሩ በላይ ስለሸጠ ቀረ። ኔደር «እንደምንም» አላለም፤ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 ክሱ በፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል ተወሰነለት። ተቆጣጣሪው ቦርድም በ1978 ወንበር ሲያንስ ማንንም በግድ ከማስቀረት በፊት ፈቃደኛ እንዲፈለግ አዘዘ። ዛሬ «በክፍያ ለመቅረት ፈቃደኛ የሆነ አለ?» የሚል ድምፅ ስትሰሙ፣ አንድ ዝም ያላለ ሰው ከኋላው እንዳለ አስቡ።

አሁን ወደዚያ ታክሲ ስለተሰለፈው ሕዝብ ወደጠየቀኝ አንባቢ ልመለስ። እኔ ስለ ፊተኛው ወንበር የተሟገትኩት ለፊተኛው ወንበር ብቻ ብዬ አይደለም። ከቤይሩት ወይም ከጅዳ የምትመለስ፣ ትኬቷን አሠሪዋ ወይም ኤጀንሲ የቆረጠላት ልጅ በረራዋ ሲለወጥ መልእክቱ በራሷ ስልክ ላይመጣ ይችላል። ለውጡን የምትሰማው ሻንጣዋን እየጎተተች ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ነው። ሦስት ጊዜ የምትደውልበት ካርድ የላትም፤ «ፊደል ክፈቱልኝ» የምትልበት ቋንቋም የላትም። ብዙ ሺህ ዶላር ለከፈለ ሰው ቃሉን የሚያጥፍ ድርጅት ለእሷ ያከብራል ብላችሁ ታስባላችሁ? ፊት ያለው ሰው ወንበሩን በሕግ ካላስከበረ፣ ኋላ ያለችው በምን ታስከብራለች?

እንግዲህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ወንበር የወሰደ አየር መንገድ በዚያው ዕለት «ወስደናል፤ ምክንያቱም ይኼ ነው» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሳይለመን በመጀመሪያ በራሱ፣ ካጣም በሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ መንገደኛው በሚመርጠው ቀን፣ በገዛው ክፍል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳፍር፤ ይህንንም ሕግ ያስገድደው። ሦስተኛ፣ መንገደኛው ራሱ ፈቅዶ ዝቅ ብሎ ከሄደ፣ ገንዘቡ በታወቀ መቶኛ ማመልከቻ ሳይጠየቅበት ወደ ኪሱ ይመለስ።

እስከዚያው ድረስ መንገደኞች ሆይ፣ «እቀበላለሁ» የምትለዋን ቁልፍ አትጫኑ። የመጀመሪያውን ትኬታችሁን አትሙ፤ አስቀምጡ። ከመደወላችሁ በፊት በገዛችሁት ክፍል ባዶ ወንበር ያለበትን በረራ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ቀኑንና ቁጥሩን ያዙ። «በፊደልዎ የለም» ከተባላችሁ «ለውጡ የእናንተ ነው፤ የተከፈተውን ፊደል ክፈቱልኝ» በሉ። እምቢ ካሏችሁ ኃላፊውን ጠይቁ፤ እምቢታውንም በጽሑፍ አስወጡ። ስለ ገንዘብ ሊያወሯችሁ ሲጀምሩም አስቁሟቸው፤ ገንዘቡን በኋላ እንነጋገርበታለን፣ መጀመሪያ ወንበሩን!