ያሳቀን ሰው ስም የለውም?

ስለ ዞምቢ፣ ስለ ጠፈር መርከብና ስለ ፕሮግራመር ብሶት የሚዘፍን ሰው ሙዚቀኛ ሲባል ፊታቸው የሚጨፈግግ ሰዎች አሉ። «ቀልድ እኮ ነው፤ አንተ ትልቅ ሰው ሆነህ!» ይሉኛል። አዎ፣ ትልቅ ሰው ነኝ፤ እነዚህን ዘፈኖችም እወዳለሁ። ንቀታቸው የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር አልጣላቸውም ነበር። ግን አይቀርም። የሰው ላብ የሚበላው «ቀልድ እኮ ነው» እየተባለ ነው።

የጆናታን ኮልተንን ነገር ተመልከቱ። ኒውዮርክ ውስጥ ፕሮግራመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራውን ትቶ በየሳምንቱ አንድ ዘፈን እየሠራ አንድ ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ለቀቀ። በአንደኛው ዘፈን ዞምቢ የሆነ የቢሮ ሠራተኛ፣ በር ዘግቶ የተደበቀ ባልደረባውን ከፍተህ አንጎልህን አስበላኝ እያለ ይለምነዋል። አይጮህም፤ አያስፈራራም። የሚናገረው በስብሰባ ቋንቋ ነው፤ ትሁት ነው፣ ለድርድር ዝግጁ ነው፣ የሁለታችንንም ፍላጎት እናስታርቅ ባይ ነው። ቢሮ ውስጥ በትህትና ተጠቅልሎ የመጣ በደል የቀመሰ ሰው ይህን ሰምቶ ስቆ ብቻ አያልፍም። በ2007 ደግሞ «ፖርታል» ለተባለው ጌም የመዝጊያ ዘፈን ጻፈ፤ ተጫዋቹን ለመግደል ስትታገል የቆየችው ኮምፒዩተር፣ በኤለን ማክሌይን ድምፅ፣ ቂም እንዳልያዘች ትዘፍናለች። ይህ የልጆች ጨዋታ ከሆነ ቁም ነገር የሚባለው የቱ ነው?

ይኸው ሰው በ2005 የሰር ሚክስ ኤ ሎትን የራፕ ዘፈን «ቤቢ ጎት ባክ»ን የፈቃድ ክፍያውን ከፍሎ ወሰደ። ራፕ ነውና የሚዜም ዜማ አልነበረውም፤ ኮልተን ከራሱ አውጥቶ ፈጠረለት። የመጀመሪያው ዘፋኝ ስሙን በሚጠራበት ቦታም «ጆኒ ሲ» ብሎ የራሱን አስገባ። በጃንዋሪ 2013 የፎክስ ቴሌቪዥን ድራማ «ግሊ» ያንኑ ዜማ ይዞ ብቅ አለ። ኮልተንን አላስፈቀዱትም፤ ስሙንም አላነሱም። «ጆኒ ሲ» ግን እዚያው አለች! የወሰዱትን ቤት በር ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ ሳለ እንኳ አላነበቡትም። ሲጠይቃቸው ያገኘው መልስ፣ ራሱ እንደተናገረው፣ ሕጉ ይፈቅድልናል፣ ይልቅ ስለታወቅህ ደስ ይበልህ የሚል ነበር።

እሺ፣ ሕጉ ይፍቀድ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሌላውን ዘፈን ዳግም ለሚሠራ ሰው ለቅንብሩ የሚሆን ጥበቃ እምብዛም አይሰጥም። ነውር የሚባል ነገርስ? ደስ ይበልህ ማለትስ ከየት የመጣ ድፍረት ነው? ስለ ሐዘንና ስለ ፍቅር የሚዘፍን ዝነኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊሉት ይደፍሩ ነበር?

የናቃችኋቸው ቀልደኞች ግን ነውር ያውቃሉ። ዊርድ አል ያንኮቪች የሰው ዜማ ላይ የራሱን ግጥም ሲያስገባ ሕግ ባያስገድደውም ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ስለ «ስታር ዋርስ» አረንጓዴ ሽማግሌ የሚዘፍነውን «ዮዳ»ን በ1980 ጽፎ አልበም ላይ ያወጣው በ1985 ነው፤ ፈቃድ እስኪያገኝ ጠብቆ! የሃርቫርዱ የሒሳብ ሰው ቶም ሌረር ደግሞ በ1959 በዘመኑ የታወቁትን 102 ንጥረ ነገሮች በሙሉ የ1879 የኦፔሬታ ዜማ ላይ፣ ቤት እየመታ ደረደራቸው። በ2020 እና በ2022 ግጥሞቹን፣ ዜማዎቹንና ቅጂዎቹን ለሕዝብ በነፃ ለቀቀ። በ2025 በ97 ዓመቱ ሲያርፍ መብቴ ብሎ የያዘው ዘፈን አልነበረም። የራሱ ነበረና ሰጠ። ኮልተንን ማንም ስጥ አላለውም።

እኛስ? በማሲንቆ «ተቀበል!» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህን ንቀት ከማን ተማርነው? አዝማሪ ቤት የሚያስቅ ስንኝ የሚወረውረው ሰው ከታዳሚው ሁሉ ፈጣን አእምሮ ያለው እንደሆነ እናውቃለን፤ ፈረንጅ ስለ ዞምቢ ሲገጥም ግን ድንገት ጨዋ እንሆናለን።

ኮልተን ያንኑ የ2005 ቅጂውን «በግሊ ስልት» የሚል ስም ጨምሮ ለገበያ አወጣው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ገቢም ለበጎ አድራጎት ሰጠ። እኔ እንደሱ ጨዋ አይደለሁም። በዚያ የ«ግሊ» ክፍል መጨረሻ በሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ የጆናታን ኮልተን ስም መግባት አለበት፤ በደማቁ።