የጨዋ ሰው ሰንጢ

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ የኪስ ቢላዋ ሲሆን፣ ለአብዛኛው ሰው ብርቱካን የሚላጥበት፣ ገመድ የሚቆረጥበት፣ ሲጠፋም ብዙ የማያስቆጭ ዕቃ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ግን አንዱ ሰንጢ በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥበት፣ ስሙ ከታወቀ ባለሙያ እጅ አንድ ለማግኘትም ገዢ ረጅም ወረፋ የሚጠብቅበት ገበያ አለ። በዚያ ገበያ «የጨዋ ሰው ሰንጢ» የሚባለው ቀጭን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ በኮት ኪስ ውስጥ የማይጎረብጥ፣ እጀታው ከቀንድ፣ ከዛጎል ቅርፊት ወይም ከብርቅ እንጨት የተሠራ፣ በሰው ፊት ሲወጣም አጠገብ ያለውን የማያስደነግጥ ዓይነት ነው። ዋጋው ይገባዋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ አንድም «ገንዘብ ማባከን ነው»፣ አንድም «ለጥበብ ዋጋ አይወጣለትም» የሚል ነው፤ ሁለቱም መልሶች ሰንጢውን ከፍቶ የማየትን ድካም ያስቀራሉ። ተከፍቶ ሲታይ ግን ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ቦታ አንድ መሆኑ ይታወቃል፤ እሱም ማጠፊያው ነው።

ቁልፍ በሌለው በጥንቱ ዓይነት ሰንጢ ውስጥ፣ በእጀታው ጀርባ የተዘረጋ ጠንካራ ሞላ የስለቱን ሥር፣ ማለትም እጀታው ውስጥ ቀርቶ ምስማር የሚያልፍበትን ክፍል፣ ይጫነዋል። ስለቱ ሲከፈት ሞላው ተነሥቶ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሲታጠፍም እንዲሁ። የጥሩ ሠሪ ምልክት ስለቱ ተዘግቶም፣ በግማሽ ቆሞም፣ ተከፍቶም የሞላው ጀርባ ከእጀታው ጀርባ ጋር እኩል ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ስለዚህ አዋቂ ገዢ ሰንጢ ሲቀበል ጌጡን ከማየቱ በፊት ጥፍሩን በጀርባው ላይ እየጎተተ፣ በሦስቱም አቋም ጥፍሩን የሚይዝ ነገር መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። ይህን እኩልነት ለማግኘት ሠሪው ሥሩን በሞረድ ይነካካል፣ ገጥሞ ያያል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሞርዳል፤ አንዴ ከልክ በላይ ከተሞረደ የሄደው ብረት አይመለስምና ስለቱ ይጣላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰብሳቢዎች ይህን ጠባይ የሰንጢው «አካሄድና አነጋገር» ይሉታል፤ አካሄዱ ስለቱ ሳይንገራገጭ መንቀሳቀሱ ሲሆን፣ አነጋገሩ ቦታው ሲደርስ የሚያሰማው ቀጭ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ፋብሪካ ይህን ሊቀርበው ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሰንጢ የሚበቃ ሰዓት ለመስጠት ግን የፋብሪካ ሒሳብ እምብዛም አይፈቅድለትም።

ኑሮ በሰንጢ ላይ የቱን ያህል እንደሚጻፍ ለማየት ከላዮል የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ላዮል በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቬይሮን አውራጃ፣ ኦብራክ በሚባለው ብርዳማ ደጋ ላይ የምትገኝ የከብት አርቢዎች መንደር ስትሆን፣ ፒዬር ዣን ካልሜልስ የተባለው ባለሙያ ዛሬ በመንደሯ ስም የሚጠራውን ሰንጢ መሥራት የጀመረው በ1820ዎቹ መጨረሻ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1840 ገደማ ወስፌ ተጨመረበት፤ እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ የተነፋባትን ላም እረኛው ጎኗን ወግቶ የሚያስተነፍሰው በዚህ ወስፌ ነበር። በ1880 ገደማ ደግሞ የቡሽ መንቀያ ታከለበት፤ ምክንያቱም የደጋው ልጆች ክረምቱንና ድህነቱን ሸሽተው ፓሪስ በመግባት ከሰልና ወይን ጠጅ መሸጥ፣ ቆየት ብለውም ቡና ቤት መክፈት ይዘው ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጠበቃውና የባንክ ባለሥልጣኑ ምሳ ላይ የሚያወጡት ሰንጢ የተወለደው በረት ውስጥ ነው፤ ጨዋነቱም የመጣለት በስደት በኩል ነው። በእጀታው ላይ በጥቃቅን ምስማሮች የተሠራ መስቀልም ይታያል፤ ከቤተ ክርስቲያን የራቁት እረኞች ሰንጢውን ዳቦ ላይ ሰክተው በመስቀሉ ፊት ይጸልዩ ነበር ይባላል። አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ሻጮች ግን ይወዱታል።

ያ ስም ለረጅም ጊዜ የሕግ ጥበቃ ስላልነበረው፣ «ላዮል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰንጢ በጥቂት ዩሮ ከእስያ ፋብሪካ ይመጣል፣ በብዙ መቶ ዩሮም ከመንደሩ ሠሪ ይገዛል። በ1993 አንድ ነጋዴ የመንደሯን ስም ለልዩ ልዩ ሸቀጦች በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ፤ በ2012 መንደሯ በክሱ ስትሸነፍ ነዋሪዎቹ የስሟን ሰሌዳ በተቃውሞ ነቀሉት፤ በ2019 ግን የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመንደሯ ፈረደ። ይህ ሁሉ ክርክር እየተካሄደ ሳለ ገዢው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ሌላ መንገድ ነበረው። በሞላው ራስ ላይ፣ ከስለቱ መነሻ አጠገብ፣ ንብ የምትመስል ትንሽ ቅርጽ አለች። በርካሹ ሰንጢ ላይ ይህች ንብ ለብቻዋ ተሠርታ ሞላው ላይ የተበየደች ናት፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ የብየዳው መስመር አይሰወርም። በጥሩው ላይ ግን ንቧና ሞላው አንድ ብረት ሲሆኑ፣ የሞላው ጀርባ እስከ ጫፉ ድረስ በሞረድ ብቻ በተቀረጸ ሐረግ ያጌጣል፤ እያንዳንዱ ሠሪም የራሱ ሐረግ ስላለው የለመደ ዓይን ሥራው የማን እንደሆነ ይለያል። እዚህ ላይ ጌጥ የፊርማን ያህል ያገለግላልና ገንዘብ ቢከፈልበት አያስነቅፍም።

ላዮል የሚባለው ሰንጢ በብዛት የሚሠራው ግን በመንደሯ ሳይሆን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በስለት ሥራ በሚተዳደረው በቲዬር ከተማ ነው። በቲዬር፣ በዱሮል ወንዝ ዳር፣ ስለት ሳዮች ወንዙ በሚያሽከረክረው ድንጋይ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ በሆዳቸው ተኝተው ይሠሩ ነበር፤ ከሥር የሚነሣው ውሃ ስለሚያቀዘቅዛቸውም ውሾቻቸውን እግራቸው ላይ አስተኝተው ይሞቁ ነበር። በእንግሊዝ ሼፊልድ የነበረው ከዚህ የከፋ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ናይት እንደመሰከሩት፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ሠራተኞች 35 ዓመት መድረሳቸው፣ በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉትም 45 ማለፋቸው ብርቅ ነበር፤ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ሳንባቸውን ይበላዋልና። የበለጠ የሚያስደነግጠው፣ ብናኙን የሚከላከል መሣሪያ ሲቀርብላቸው ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ መቃወማቸው ነው፤ ዕድሜ ከረዘመ ሠራተኛው ይበዛል፣ ሠራተኛው ሲበዛም ደመወዝ ይወርዳል የሚል ሒሳብ ይዘው ነበር። ዛሬ በጨረታ የሚወጣ የዚያ ዘመን የሼፊልድ ሰንጢ እንደ መስተዋት ሲያበራ ሰብሳቢው ስለ ብርሃኑ ብቻ ቢያወራ፣ የዕቃውን ታሪክ ግማሹን ትቶታል ማለት ነው።

ያችው ሼፊልድ የከንቱነትንም የልክንም ምሳሌ ትታለች። ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ድርጅት በ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ያቀረበው የኖርፎክ ሰንጢ 75 ስለትና መሣሪያ ያለው፣ የዛጎል ቅርፊት እጀታው በሥዕል የተቀረጸ ድንቅ ሥራ ነው፤ ማንም ግን ኪሱ ውስጥ ሊከተው አይችልም። በሌላው ጫፍ ስታን ሾው ይገኛሉ፤ በ14 ዓመታቸው ሥራ ገብተው፣ በ2021 በ94 ዓመታቸው እስኪሞቱ ድረስ በከተማዋ የታወቁ የሰንጢ ሠሪ የነበሩ፣ ስለቱንም ሞላውንም እጀታውንም በገዛ እጃቸው የሚገጥሙ ሰው ናቸው። በዚህ ዓምድ ሚዛን የሾው አንድ ባለ ሁለት ስለት ሰንጢ ከኖርፎኩ ይበልጣል፤ የተሠራው ለኪስ ነውና።

በአሜሪካ ገበያው ሌላ መንገድ ይዟል። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አይዳሆ የሄደው ክሪስ ሪቭ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ያዋለው ሰቤንዛ፣ እጀታው ከቲታኒየም ሆኖ አንዱ ጎኑ ራሱ ተሰንጥቆ እንደ ሞላ ስለቱን ከኋላ የሚደግፍ ነው። ከ400 ዶላር በላይ ቢሸጥም ጌጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ገንዘቡ የገባው ልኬቱ ላይ ነው፣ ይህም ያስመሰግነዋል። ከእሱ ጎን የሚሸጡት ግን ብዙዎቹ የማሞዝ ጥርስ፣ የደማስቆ ብረትና የከበረ ድንጋይ ተደርድሮባቸው ዋጋቸው እጥፍ ድርብ የሆነ ናቸው። ማሞዝ ከጠፋ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የሆነው እንስሳ መሆኑ ያስደንቃል፤ ቲማቲም ለመቁረጥ ግን አንዳች አይረዳም። ጌጥ የሚወድ ሰው ጌጥ ቢገዛ መብቱ ነው፤ የብረት ሥራ የገዛ እንዳይመስለው ብቻ ይጠንቀቅ።

ሰንጢ በኪስ መያዝን በሚመለከት ሕጉ ከሰብሳቢዎች ምርጫ በላይ የሰንጢውን ቅርጽ ወስኗል። በእንግሊዝ በ1988 በወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ መሠረት፣ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የሚቆርጠው አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልበለጠ ተጣጣፊ ሰንጢ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቶችም ሲከፈት የሚቆለፈውን ከዚህ ፈቃድ ውጪ አድርገውታል። በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲከፈት የሚቆለፈውን ሰቤንዛን ከአሜሪካ ዘመድ በስጦታ ቢያገኝ፣ ኪሱ ውስጥ ማድረጉ ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል፤ የሾው ዓይነቱ አሮጌ ሰንጢ ግን ያልፋል። ጀርመናዊቷ ዞሊንገን ነገሩን ይበልጥ አሳዛኝ አድርጋዋለች። ከተማዋ በስለት ሥራዋ ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀች፣ በይፋም «የስለት ከተማ» ተብላ የምትጠራ ናት፤ በኢትዮጵያ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ይታጠቁ ከነበሩት ጎራዴዎችም ስለታቸው ከዚያ የመጣ አሉ። በነሐሴ 2024 በከተማዋ በዓል ላይ አንድ ሰው ሦስት ሰዎችን በቢላዋ ገደለ፤ በዚያው ዓመት የጀርመን መንግሥት በሕዝብ በዓላት ላይ ቢላዋ መያዝን በሕግ ከለከለ። ሕጉን መንቀፍ ያስቸግራል፤ ክልከላው ግን ወንጀለኛውንም ፖም የሚልጠውን ሽማግሌም እኩል እንደሚነካ መሸሸግ አይገባም።

ሕጉና ፍርሃቱ ሰንጢውን ከኪስ ባወጡት መጠን ካዝና ውስጥ የሚያድረው ይበዛል። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «የካዝና ንግሥት» ይሉታል። በገበያው ሥርዓት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳለ ሰንጢ ከተሳለው ይበልጥ ስለሚያወጣ፣ ዕቃው በተሠራበት ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ይህ ሥርዓት ማጠፊያውን ለማስተካከል የጠፋውን ጊዜ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ስለቱ ስንት ሺህ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶም ሳይላላ መቅረቱ ነበርና የሠሪው ዓላማ። ደግሞም ካዝና እንደሚታሰበው ጠባቂ አይደለም። ቀንድ በደረቅ አየር ተሰብስቦ ከምስማሩ ይሰነጠቃል፤ የቆዳ አፎት እርጥበትና የማልፊያውን ቅሪት ይዞ ስለቱን ያዝጋል። ከሁሉ የከፋው ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በብዙ ሰንጢዎች እጀታ ላይ የዋለው ይህ ነገር ሲያረጅ ብረት የሚበላ ጋዝ ያወጣልና የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን እዚያው መሳቢያ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡትን ጤነኞች ጭምር ያዝጋቸዋል። በዚህም ምክንያት ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች የሴሉሎይዱን ለብቻው ያኖራሉ፤ ሌሎቹንም በየጊዜው አውጥተው ያናፍሳሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ ማጠፊያው እንዳይደርቅም ከፍተው ይዘጋሉ።